ሦስት ቀን የተዋሱት ስልክ

አያሌው ይሻውን የሰደበው ሐምሌ ዐሥር ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ቦታው የእድሩ ድንኳን፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበዋል፤ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ይሻው ቆጥሯቸዋል። ሰው በጉባኤ ሲሰደብ መጀመሪያ የሚያደርገው ስድቡን የሰማውን ሰው መቁጠር ነው።

ነገሩ የተነሣው ከምንም ነበር። አያሌው የእድሩ ዳኛ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ቆሞ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ሲናገር፣ የይሻው ስልክ ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ በራሱ ጊዜ፣ «ሹሩባ በዐሥር ደቂቃ! ቆንጆዎች፣ ተከተሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ይሻው ሊያጠፋው ሲደነባበር ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። ሰው አጉረመረመ። አያሌው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና፣

«ተዉት ወገን፣ አትቆጡት» አለ። «ልጁ ማስተዋል ከዓረብ አገር የላከችለት ስልክ ከሱ ይበልጥ ተምሯል። የተማረ ሲናገር ያልተማረ ዝም ነው!»

አርባ ሦስቱም ሳቁ። መጀመሪያ የሳቀው ደሳለኝ ባለወፍጮው ነው፤ ይሻው ይህንንም ይዞታል። መልሱ የመጣለት ማታ ቤቱ ገብቶ ካፖርቱን ሲሰቅል ነው፤ የሱ መልስ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ ገበያው ከተፈታ በኋላ የሚደርስ።

ይሻው የተሰደበውን አይረሳም። አራተኛ ክፍል ሳለ የመምህሩን በቅሎ አላጠጣህም ተብሎ በሰልፍ ፊት የተገረፈበትን ጠዋት፣ ትምህርቱንም በዚያው የተወበትን፣ ያስታውሳል። በእኅቱ ሠርግ ከበሩ ሥር፣ ውሻ በሚያልፍበት በኩል ያስቀመጡትን ሰዎች በስማቸው ያውቃል። ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ ደርሰው ሳይቀመጡ የሄዱትንም እንዲሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲጠግን እጁ ይሠራል፣ ሆዱ ያመነዥካል። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጉልበቱን ሲያመው እንኳ፣ ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስነክሰው አሮጌ ነገር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ያለችው ማስተዋል ናት። አንድ ልጁ። ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኩን የላከችለት በብርቱካን እጅ ነው። ብርቱካን ከዚያው አገር ሥራዋን ጨርሳ የተመለሰች የሰፈር ልጅ ናት፤ መንገድ ዳር ልብስ ትሸጣለች። ስልኩን ስትሰጠው ከፍታ፣ የማስተዋልን ፎቶ የስልኩ ፊት ላይ ለጥፋ፣ «ጋሼ ይሻው፣ ይኸውልዎ፤ ልጅዎ ኪስዎ ውስጥ ገባች» አለችው።

ስልኩ ግን ለብቻው የሱ ሆኖ አያውቅም። የኢንተርኔቱን ፓኬጅ ማስተዋል ከዚያው ሆና ትሞላለታለች፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጠላ ሻጯ ጥሩወርቅ «አያ ይሻው፣ እስቲ ያችን ሹሩባ ሠሪ ያሳዩኝ» ብላ ትወስድና የጠላው እህል እስኪያር ድረስ ታየዋለች። ጎማቸው እስኪጠገን የሚጠብቁ ሹፌሮች የፈረንጅ ትግል ያዩበታል። ዲያቆኑ ወረብ ያጠናበታል። ጣት ወደ ላይ በተገፋ ቁጥር አንዱ አጭር ቪዲዮ ሄዶ ሌላው የሚመጣበት ያ ነገር፣ ይሻውን ሹሩባ የሚሠራ፣ ትግል የሚገጥም፣ ዲያቆን አድርጎ ነበር የሚያውቀው። ይሻው ራሱ ሲከፍተው አንድም የሚፈልገው ነገር አይመጣም።

ከእድሩ ስድብ በኋላ በነበረው ዓርብ ማስተዋል ስትደውል ይህንኑ አማረረላት። ዓርብ ዓርብ ከቅዳሴ ስትወጣ ነው የምትደውለው። በዚያ አገር የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ስለሆነ፣ ያገራችን ሰው ቅዳሴውንም ያን ቀን ያደርገዋል።

«አባቴ፣ ስልኩ እኮ ዝም ብሎ አይደለም የሚያመጣው» አለችው። «ሰው ምን ላይ እንደቆየ ያያል። ሹሩባ ላይ ከቆዩ ሹሩባ ያመጣል።»

«እኔ ምን ሹሩባ ላይ እቆያለሁ? ጥሩወርቅ ናት!»

«ታዲያ ለምን ይሰጧታል?»

«ጎረቤት ስልክህን ስትለኝ ምን ልበላት?»

«እዚህ እኮ አባቴ፣ ባል የሚስቱን ስልክ አይነካም። ማዳም ስልኳን የምትከፍተው በጣቷ ነው። ልጆቿ እንኳ አያዩትም።»

«ምን ተደባብቀው ነው የሚኖሩት? የሰረቁት ነገር አለ?»

ማስተዋል ሳቀች። ስትስቅ እንደ እናቷ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። «እንግዲያው አይከልክሉ። ግን እርስዎ ሲይዙት ደስ የሚልዎት ላይ ረጋ ይበሉ፤ ያልወደዱትን ቶሎ ይለፉት። ቀስ እያለ ያውቅዎታል።»

«ማን?»

«ስልኩ።»

ይሻው ይህን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርደው ከረመ። አምሳ ሰባት ዓመት ሲኖር ምን እንደሚወድ ልብ ብሎ ያየለት ሰው ከሚስቱ በቀር አልታወስ አለው።

ማስተዋል እዚያ ሆና ትንንሽ ቪዲዮ ትሠራለች። ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች «ደብረ ታቦሮች፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እዚህ እየቀለጥኩ ነው» የምትልበት አለ። ነጠላዋን አጣፍታ ከጓደኞቿ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የተቀረጸችው አለ። ይሻው እነዚህ ላይ ይቆያል። አንዱን ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ ያየዋል። ሹሩባው ሲመጣ እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ያባርረዋል። በወሩ ነገሩ ሠራ። ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የምትመጣው ማስተዋል ሆነች። አዲስ ከሌላት አሮጌውን ያመጣለታል፤ ከሷ ቀጥሎ የጣራ ገዳም ጫካ፣ ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም የሚናገር ሐኪም። ጥሩወርቅ ስትዋሰው ውላ ብትመልስ እንኳ፣ እሱ ትንሽ ቆይቶበት እንደገና ያስለምደዋል።

«ይሄ ስልክ ሰው ያውቃል» ይላል ለሹፌሮቹ። «የወደድኩትን ያውቃል። ስንቱ አብሮኝ ያረጀ ሰው አያውቅም።»

ማስተዋል ለጥምቀት ልትመጣ ቆርጣ ነበር። ስትመጣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስዳ ለጉልበቱ ሳምንት ልታስጠምቀው፣ ከዚያም ላትመለስ። «በቃኝ አባቴ፣ ከብርቱካን ጋር ልብስ እንሸጣለን» ብላዋለች። ይሻው ጥምቀትን የሚጠብቀው ለዚያ ነው። ማስተዋልን ከጎኑ አድርጎ ቁልቁል በገበያው መሀል ሊሄድ፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ታኅሣሥ ዐሥራ አራት ቀን 2015፣ ዓርብ፣ ማስተዋል አልደወለችም።

እሱ ሲደውል ይጠራል፣ አይነሣም። ሥራ በዝቶባት ነው አለ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብርቱካን ወደ ጎሚስታው መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ምነው ልጄ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው ጋሼ። ስልክዎን ይስጡኝ እስቲ፣ ቫይረስ ገብቶበታል አሉ፤ ላጽዳልዎ።»

«የት ያየሽው ቫይረስ ነው? ማስተዋል ትደውል ይሆናል እኮ።»

«ከደወለች ሮጬ አመጣልዎታለሁ። ሁለት ቀን ነው፣ ሦስት ቢሆን።»

ሰጣት። ስልክ ለጎረቤት አይከለከልም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ተለወጠበት። ደሳለኝ ባለወፍጮው፣ ያ መጀመሪያ የሳቀው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። ጥሩወርቅ ወጥ በሳህን ሸፍና ጎሚስታው ድረስ አመጣችና «ይቅመሱ አያ ይሻው፣ ሰውነትዎ ተጎድቷል» አለች። ሦስት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ እሱ ሲደርስ ዝም ይሉና «እንዴት ዋልክ» ይሉታል፣ ለሹም እንደሚሉት ጎንበስ ብለው። ይሻው ይህን ሁሉ በሆዱ መዘገበ። የሚንቅህ ሰው ባንድ ቀን ሲያከብርህ፣ ወይ ሊያስቅብህ ነው ወይ ሊያስፈርምህ። ስልኩን ወስደው አንድ ነገር እየጠነሰሱበት ነው። ምናልባት ምን ምን ሲያይ እንደሚውል ከፍተው እያነበቡት ይሆናል። ምናልባት ለእሑዱ እድር መሳቂያ ይሆናል። የዚህ ሁሉ መሪ አያሌው እንደሆነ ደግሞ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ይብስ ያንገበገበው ግን ያ አይደለም፤ ማስተዋል ደውላ ቢሆንስ? አባቴ አላነሣም ብላ ብታዝንስ?

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታግሦ ታግሦ ወደ ብርቱካን ቤት ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የስልኩ ድምፅ ይሰማል፣ የማስተዋል ድምፅ፤ «እኔ እዚህ እየቀለጥኩ ነው» የምትለዋ። በሩን ገፋው። አምስት ስድስት ሴቶች አጎዛና በርጩማ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መሀላቸው አያሌው፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የይሻውን ስልክ በሁለት እጁ ይዟል። ሲያዩት እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጡ። አያሌው ስልኩን ከጋቢው ሥር ሸጎጠው።

የሁሉም ዓይን እርጥብ ነበር። ይሻው አየው። ሰው ሲስቅም ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

«የኔ ስልክ ነው?» አለ።

«ያንተው ነው ይሻው፣ ግን ተቀመጥ እስቲ…»

«ከኔ ይበልጥ ተምሯል አላልክም? አሁን ምን ልታስተምረው ነው ያመጣኸው፣ መምህር?»

«እንደሱ አይደለም፣ በእግዚአብሔር…»

«ድንኳኑ አልበቃህም? ቤት ለቤት ዞረህ ልትሳለቅብኝ?»

ብርቱካን እግሩ ሥር ወደቀች። «ጋሼ፣ በእመቤቴ ማርያም፣ ዛሬን ብቻ ይተዉልን! ነገ ጧት እኔው አመጣልዎታለሁ!»

«ነገ ጧት ምን አለ?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ይሻው ጎንበስ ብሎ እጁን ከአያሌው ጋቢ ሥር ከተተና ስልኩን ነጥቆ ወጣ። አያሌው አልታገለውም። እንዲህ በቀላሉ መልቀቁ ራሱ ይሻውን ትንሽ ቅር አሰኘው።

ጎሚስታው ደርሶ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ለማስተዋል ደወለ። አሁን መጥራትም ትቷል። ይሁን አለ፤ ሲመቻት ትደውላለች። እስከዚያው እንያት ብሎ ቪዲዮውን ከፈተው።

እንደ ልማዱ መጀመሪያ የመጣችው ማስተዋል ናት። ደስ አለው። ሦስት ቀን ሰው እጅ ውሎም አልረሳኝም አለ። ያቺ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የተቀረጸችው ነች፤ ግን አትንቀሳቀስም፣ ከጎኗ የሻማ ሥዕል አለ፣ በገና ይደረደራል። ከሥሯ ጽሑፍ አለ። ይሻው ማንበብ ይችላል፤ ጣቱን ከፊደሉ ሥር አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነብ። «እኅታችን» አለ። ቆመ። «ማስተዋል ይሻው» አለ። ስሙ እንዲህ ተጽፎ አይቶት አያውቅም ነበር፣ የሷና የሱ ጎን ለጎን። የሚቀጥለውን ቃል ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረው። ፊደሉ አልጠፋውም። ዓርብ ጧት ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ የያዛቸው መኪና እንደተገለበጠ፣ ከአምስቱ ሁለቱ እንደሞቱ ይላል።

ስልኩ ተሳስቷል አለ፤ ወደ ላይ ገፋው። ሌላ ማስተዋል መጣች። ጓደኞቿ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ፎቶዋን ይዘው ያለቅሳሉ። ገፋው። ከሰገነቱ ላይ «ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?» አለችው፤ ከበላይዋ ጥቁር ሪባን ተለጥፎባታል። ገፋው። ደግሞ እሷ። ሹሩባ አልመጣም፣ ትግል አልመጣም፣ ገዳሙም አልመጣም። ያቺኑ ብቻ፣ በየመልኩ፣ በየበገናው። የሚወደውን ያውቃል ያለው ነገር የሚወደውን ጨርሶ ይዞለት መጣ።

አንድ ሹፌር ጎማ አንከባሎ መጣ። «ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉልኝ፣ ነፋስ መውጫ እገባለሁ።» ይሻው ተነሣ። ጎማውን ፈታ። የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃው ውስጥ ነከረ፤ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ ብዙ ቆየ። «ተገኘ?» አለ ሹፌሩ። «ተገኘ» አለ ይሻው። ለጥፎ፣ አስሮ፣ ሸኘው። ከዚያ ዘግቶ ቤቱ ገባ።

አልጮኸም። ሰፈሩ ጩኸት ሲጠብቅ አመሸ፤ ምንም አልተሰማም። አላየውም ብለው ሳይጽናኑ አልቀሩም። እሱ ግን አንድ ነገር እያብሰለሰለ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ልጁ ሞታ፣ እሱ ወጥ ይበላል። ሦስት ቀን ስለ ስድብ ሲያስብ፣ ማን ሳቀብኝ ሲል፣ ማን ተነሣልኝ ሲል። ያ ሁሉ ሰዓት ለሷ ማልቀሻ ሊሆን ይችል ነበር። ሰዎቹን ሊቆጣ ፈለገ፤ ደግነት መሆኑን ያውቀዋል፣ እሱም ለስንቱ ቤት እንዲሁ ደብቆ ጧት መርዶ ነግሯል። ማወቁ ግን አንዲት ነገር አልቀነሰለትም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መጡ። መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዙ ብርቱ ሰዎች ከበሩ ግራና ቀኝ ቆመው። ፊት ፊት የሟች ሚስቱ ወንድም ሞላ አለ፤ ሦስቱ ቀን የተጠበቀው እሱ ከጣራ ገዳም እስኪመለስ ነበር፣ ያለ እናት ወገን መርዶ አይነገርምና። ከኋላው አያሌው፣ ደሳለኝ፣ ብርቱካን፣ ጥሩወርቅ፣ ሌላውም።

ይሻውን ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ካፖርቱን ለብሷል። ፊቱን ታጥቧል። ይህ ግራ አጋባቸው፤ የተኛ ሰው ሊቀሰቅሱ ነበር የመጡት።

«እንዴት አደርክ?» አለ አያሌው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ብርዱ…»

«ደህና ነው።»

አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ይሻው፣ ሰው ሆኖ የሚቀር የለም። አባታችን አዳምም ቢሆን…»

«ዓርብ ነው» አለ ይሻው። «ጧት። ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ። መኪናው ተገልብጦ።»

ሞላ ባለበት ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። ጥሩወርቅ እሪ ብላ ደረቷን መታች፤ ግቢው በለቅሶ ተሞላ። ብርቱካን ወደ ይሻው ተጠግታ ካፖርቱን ጨበጠች።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛ! በድንገት እንዳያዩት ብለን ነበር የወሰድነው። የኔ ስልክ መስታወቱ ተሰብሯል፣ የነሱ ኢንተርኔት የለውም። ሴቶቹ ‘እስቲ አሳዪን፣ እናልቅስላት’ አሉኝ። በርስዎው ስልክ ከፈትኩት። ሦስት ቀን እሱን ብቻ ስናይ፣ እሱን ስናስደግም፣ ስናለቅስበት ዋልን። ስልኩ ደግሞ ሰው የቆየበትን ነው የሚያመጣ፤ እያወቅኩ፣ ጋሼ፣ እያወቅኩ ረሳሁት! ልንሰውርልዎ ብለን እኛው አስተማርነው!»

ይሻው እጁን ራሷ ላይ አኖረ፤ ከዚያ አነሣው።

አያሌው መነጽሩን አውልቆ ነበር። ያለ መነጽር ሲታይ ፊቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ያረጀ፣ የተቸገረ። «ይሻው» አለ። «ማስተዋልን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እኔም ሦስቱን ቀን እህል አልቀመስኩም። በድንኳኑ ያን ቀን ያልኩህንም… አፌ አያርፍም፣ ታውቀኛለህ። ይቅር በለኝ። ስደበኝ ከፈለግህ፣ ምታኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።»

ይሻው ይህን ቃል አምስት ወር ጠብቆታል። አሁን ሲመጣለት የሚያኖርበት ቦታ አጣ። የአያሌውን ፊት ትንሽ አየ። ተነሣ። ደሳለኝና ሌላ አንድ ሰው ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ፤ መርዶ የሰማ ሰው መሬት እንዳይፈጠፈጥ ይያዛልና። እሱ ግን በሁለቱ መሀል ቀጥ ብሎ አለፈ፤ የሚያዝ ሰው አልነበረም፣ እጃቸው ባዶ አየር ላይ ቀረ።

«ይሻው!» አለ አያሌው ከኋላው። «ወንድሜ፣ አንድ ቃል!»

ይሻው ከግቢው ወጣ። የሚያነክስ እግሩን እየጎተተ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ በዳር በዳሩ፣ ዞር ሳይል ሄደ።